ሰብላይም ምንድን ነው? ከልክ ያለፈውን ነገር በቃል ስለመግለጽ

«እግዚአብሔርም፦ ብርሃን ይሁን አለ፤ ብርሃንም ሆነ።» ይህን ቃል የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እስቲ ቃላቱን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። «እጅግ» የለም። «ታላቅ» የለም። «አስደናቂ» የለም። ሁሉም ሕፃን የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። የተነገረው ነገር ግን ከልክ ሁሉ ያለፈ ነው።

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ሰው ይህንኑ ቦታ ጠቅሶታል። የሚጽፈው ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ስለ ንግግርና ስለ ጽሑፍ ጥበብ ነበር። የአይሁድ ሕግ ሰጪ ተራ ሰው አልነበረም ይላል፤ የአምላክን ኃይል በሚገባው መጠን ተረድቶ በሚገባው መጠን ተናግሯልና። ሙሴን ማለቱ ነው። ከጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ጥቅሶች መሀል የኦሪትን ቃል ሲያስገባ ማየት እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያ ዘመን የግሪክ የንግግር መምህራን እንዲህ ሲያደርጉ አይታይም።

ይህ ጸሐፊ የሚፈልገውን ነገር «ሂፕሶስ» ይለዋል። በግሪክኛ ከፍታ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከላቲን ተውሶ «ሰብላይም» አለው። በአማርኛ ልዕልና ብንለው ብዙ አንርቅም። ግን ምንድን ነው?

ጥሩ ንግግር ያሳምናል። ያሳመነንን ነገር ደግሞ ልንቀበለውም ልንተወውም እንችላለን፤ ሥልጣኑ በእጃችን ነው። ሂፕሶስ ግን አያስፈቅድም። ሰሚውን ከራሱ ያወጣዋል። ግሪኮቹ ይህን «ኤክስታሲስ» ይሉታል። የአንድን ድርሰት አደረጃጀት ለማድነቅ ሙሉውን ማንበብ ያስፈልጋል። ልዕልና ግን በአንዲት ቅጽበት እንደ መብረቅ ወርዶ የተናጋሪውን ኃይል በሙሉ ያሳያል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ሰሚው አይዋረድም። ነፍሳችን ከፍ ትላለች ይላል ጸሐፊው፤ የሰማችውን ራሷ የወለደችው ይመስል በደስታና በኩራት ትሞላለች።

ይህ ሰው በልማድ ሎንጊኖስ ይባላል። እውነተኛ ስሙ ግን አይታወቅም። ከሁሉ የሚቀድመው የድርሰቱ ቅጂ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ የተጻፈ ሲሆን ዛሬ ፓሪስ ይገኛል። ማውጫው ላይ «የዲዮኒሲዮስ ወይም የሎንጊኖስ» ይላል። ገልባጩም እርግጠኛ አልነበረም ማለት ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ድርሰቱን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጡታል። ሲሶ ያህሉ ጠፍቷል። (ዘመኖቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የልዕልና ምንጮች አምስት ናቸው ይላል። ትልቅ ሐሳብ፣ ብርቱ ስሜት፣ የንግግር ዘይቤ፣ የቃላት ምርጫ፣ እና የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በትምህርት ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው ከሰውየው ከራሱ የሚመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ልዕልና የትልቅ ነፍስ ማስተጋቢያ ነውና። በእኔ ግምት የድርሰቱ ልብ እዚህ ላይ ነው። ከልክ ያለፈ ነገር የሚገለጸው ቃል በመከመር አይደለም። መጀመሪያ ሐሳቡ ትልቅ መሆን አለበት። ሐሳቡ ትልቅ ከሆነ ቃል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

የሚያመጣው ማስረጃ ይህንኑ ያሳያል። በሆሜር ትረካ የግሪኩ ጀግና ኦዲሴዎስ ወደ ሙታን ዓለም ይወርዳል። እዚያ አያክስን ያገኘዋል። አያክስ በትሮይ ጦርነት የታወቀ ጀግና ነበር። በጦርነቱ የሞተው የጀግናው የአኪሌስ የጦር ዕቃ ለኔ ይገባል ሲል ለኦዲሴዎስ ተሰጠበትና በዚያ ምክንያት ሞተ። አሁን ኦዲሴዎስ በለሰለሰ ቃል ይለምነዋል፤ ቁጣህን ተው ይለዋል። አያክስ አንድም ቃል ሳይመልስ ፊቱን አዙሮ ወደ ሌሎቹ ሙታን ይሄዳል። ሎንጊኖስ ይህ ዝምታ ከማንኛውም ንግግር የላቀ ነው ይላል። እስቲ አያክስ መልስ ቢሰጥ ኖሮ ብላችሁ አስቡ። የቱንም ያህል ያማረ ስድብ ቢናገር ቁጣው ልክ ይኖረው ነበር። ዝም በማለቱ ልክ አጣ።

ይኸው አያክስ በሌላ ቦታ፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ በጦር ሜዳ ላይ ጭጋግ ይወርድበታል። ይጸልያል። ነፍሴን አትርፍልኝ አይልም። ጭጋጉን ግፈፍልንና ከፈለግህ በብርሃን ግደለን ይላል። ጀግንነት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም።

ዝርዝሮችን ስለ መምረጥ ሲናገር ደግሞ የሳፎን ግጥም ይጠቅሳል። ሳፎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ በሌስቦስ ደሴት የኖረች ባለቅኔ ናት። የምትወዳት ሴት ከአንድ ወንድ ፊት ተቀምጣ ስትስቅ ታያለች። በጣም አፈቅራታለሁ አትልም። በሰውነቷ ላይ የሚሆነውን ብቻ ትነግረናለች። ምላሷ ይያዛል። ቀጭን እሳት ከቆዳዋ ሥር ይሮጣል። ዓይኗ ማየት ያቆማል፣ ጆሮዋ ይጮኻል። ላብ ይወርዳታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከሣር ይልቅ ትገረጣለች፣ ልትሞት ትንሽ የቀራት ይመስላታል። ሎንጊኖስ የሚያደንቀው ምርጫዋን ነው። ከብዙ ምልክቶች መሀል ብርቱ ብርቱውን ለቅማ አንድ አካል አድርጋዋለች። ይህ ግጥም ዛሬ በእጃችን የገባው እሱ ስለጠቀሰው ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ብቻም ባለውለታችን ነው።

የሚነቅፈውም አለ። ዋናው ጥፋት ማበጥ ነው፤ ትልቅ ለመምሰል ቃል መንፋት። በሰውነት ውስጥ እብጠት ክፉ እንደሆነ ሁሉ በንግግርም ክፉ ነው ይላል፤ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ሰው የበለጠ ደረቅ የለም የሚለውን የዘመኑን አባባል ይጨምራል። ግነትን ግን አይከለክልም። ከሁሉ የሚሻለው ግነት ግነት መሆኑ የማይታወቀው ነው ይላል። ምሳሌው የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ነው። በ413 ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴና ጦር በሲሲሊ ተሸንፎ ይሸሻል። በውሃ ጥም ተቃጥሎ አንድ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ጠላት እላዩ ላይ ወርዶ ያርደዋል። ውሃው ወዲያው በጭቃና በደም ደፈረሰ፤ እነሱ ግን ይጠጡት ነበር፣ እንዲያውም አብዛኞቹ ይሻሙበት ነበር። ደም የተቀላቀለበትን ውሃ ለመጠጣት የሚሻሙ ሰዎች! በሌላ ቦታ ብናነበው አናምንም። እዚህ ግን ጥሙና ፍርሃቱ ስለቀደሙ እናምናለን። ግነቱ ከሁኔታው ተወለደ እንጂ ከላይ አልተለጠፈበትም።

ለአባይ ልጆች የሚሆን አንድ ቦታም አለ። ሰው በተፈጥሮው ትልቁን ነገር ይወዳል ይላል ሎንጊኖስ። ትናንሽ ምንጮች ጥሩና ጠቃሚ ቢሆኑም የምንደነቀው በእነሱ አይደለም፤ በናይል፣ በዳኑብ፣ በራይን፣ ከሁሉ በላይ በውቅያኖስ ነው። ራሳችን ያነደድናት ትንሽ እሳት ብሩህ ብትሆንም ከኤትና እሳተ ገሞራ ጋር አትስተካከልም። ጠቃሚው በእጃችን ነው፤ የሚያስደንቀን ከተለመደው የወጣው ነው።

እንግሊዞቹ የያዙት ይህችን ጫፍ ነው። ድርሰቱ በ1652 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ነበር። በአውሮፓ ዝናው የገነነው ግን በ1674 የወጣው የፈረንሳዊው ገጣሚ የቧሎ የፈረንሳይኛ ትርጉም ካነሳሳው በኋላ ነው። ቀስ በቀስ ሐሳቡ ከንግግር ወደ ተፈጥሮ ተሻገረ። በ1688 ጆን ዴኒስ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ የአልፕስን ተራሮች ሲሻገር ከገደሉ አፋፍ ላይ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ እንደተሰሙት ጻፈ። ቀደም ሲል ብዙ መንገደኞች ተራራን የሚያዩት እንደ እንቅፋት ነበር።

ኤድመንድ በርክ በ1757 ነገሩን ወደ ሥርዓት አመጣው። በአየርላንድ የደብሊን ተወላጅ የሆነ ጸሐፊ ነው፣ ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ውብ የሆነው ነገር ትንሽ፣ ለስላሳና የሚወደድ ነው ይላል። ሰብላይም የሆነው ግን ሰፊ፣ ጨለማ፣ ብርቱና ወሰን የሌለው ነው። ምንጩም ፍርሃት ነው። አደጋው በጣም ከቀረበ ፍርሃት ብቻ ይሆናል። ትንሽ ራቅ ካለ ግን ከፍርሃቱ ውስጥ እንግዳ ደስታ ይወጣል። ማዕበልን ከአለት ላይ ሆኖ ማየትና ጀልባው ውስጥ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም።

በርክም መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳል፤ በተለይ መጽሐፈ ኢዮብን። የኢዮብ ወዳጅ ኤልፋዝ እንደሚተርከው፣ በሌሊት ራእይ መንፈስ በፊቱ ሲያልፍ፣ የሥጋው ጠጉር ሲቆም፣ መልኩን ግን መለየት ሲያቅተው። የሚያስፈራን ያ አለመለየቱ ነው ይላል በርክ። ሠዓሊ ቁልጭ አድርጎ ቢሥለው ኃይሉ ይጠፋል። ከመዝሙረ ዳዊትም «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ» የሚለውን ያነሳል፤ ዳዊት የሰውን አፈጣጠር ሲያስብ አምላካዊ ድንጋጤ ያዘው ብሎ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ሰዎች ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በግሪኩ ሰው ዘንድ ታላቁ ነገር ሰሚውን ከፍ ያደርገዋል። በበርክ ዘንድ ከወሰን የለሽ ኃይል ፊት የቆመ ሰው ያንሳል፤ እንዳልነበረ ይሆናል። እኔ ወደ ግሪኩ አደላለሁ። የሳፎን ግጥም አንብቤ ያነስኩ አይመስለኝም። ስለ ባሕርና ስለ ሌሊት ግን በርክ ትክክል ነው።

ፍርሃትና አድናቆት በአንድ ቃል መኖራቸው የቆየ ነገር ነው። ግሪኮች «ዴይኖስ» ሲሉ አስፈሪ፣ ድንቅ፣ ብርቱ ማለታቸው ነው። በሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ተውኔት መዘምራኑ ዴይኖስ የሆነ ነገር ብዙ ነው፣ ከሰው የባሰ ግን የለም ብለው ይዘምራሉ። ሙገሳ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? ሁለቱም ነው። በ1842 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሪቻርድ ኦወን «ዲኖሰር» የሚለውን ስም ሲያወጣም የተነሳው ከዚሁ ቃል ነው። የእኛም «ግሩም» በግዕዝ የሚያስፈራ ማለት ነበር፤ «ግርማ» ውስጥ ዛሬም ይሰማል። በእንግሊዝኛ «ኦውፉል» ድሮ አምላክን የሚያህል ነገር ይገለጽበት ነበር፤ አሁን መጥፎ ማለት ሆኗል። «ተሪፊክ» አስፈሪ ነበር፤ አሁን አሪፍ ነው። «ሰብላይም» ራሱ ዛሬ ለጣፋጭ ኬክ ይባላል። ይህ ያሳዝነኛል። ትልቅ ቃል በየቀኑ ለትንሽ ነገር ሲወጣ ትልቁ ነገር የመጣ ቀን ምን ይባላል?

ሎንጊኖስ ለዚህ የሚሆን መፈተኛ ሰጥቶናል። እውነተኛው ልዕልና ደጋግመው ሲሰሙት አይሟሽሽም። ከተነገረው በላይ የሚታሰብ ነገር ይተዋል። ከአእምሮ ለማውጣትም ያስቸግራል። ሥራቸው፣ ኑሯቸው፣ ዕድሜያቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ነገር ላይ አንድ ዓይነት ከተሰማቸው ደግሞ ያ ምስክርነት ጠንካራ ነው።

የድርሰቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ክርክር ነው። አንድ ፈላስፋ ይጠይቃል፤ በዘመናችን ጥሩ ተናጋሪ ሞልቷል፣ ታላቅ የሚባል ግን ለምን ጠፋ? ነጻነት ስለሌለን ነው ይላል ራሱ፤ በባርነት ያደገ ሰው አሞጋሽ እንጂ ታላቅ ተናጋሪ አይሆንም። ሎንጊኖስ ደግሞ ጥፋቱን በገንዘብና በተድላ ፍቅር ላይ ያሳርፋል። ለእኔ የፈላስፋው መልስ ይበልጥብኛል፤ ፈርቶ የሚናገር ሰው ሐሳቡን ራሱ ማሳነስ ይለምዳልና። ሎንጊኖስ ከዚያ ወደ ስሜቶች ልለፍ ይላል፤ ቅጂው እዚያ ላይ ይቋረጣል። ስለ ሁለተኛው ምንጭ፣ ስለ ብርቱ ስሜት፣ ከእሱ ያለን ትምህርት ከመጀመሪያው ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው።