አካላዊ ምርመራ ምንድን ነው? በበይነ መረብ በሚገኝ የሕክምና ምክር እና ሐኪም ፊት በመቅረብ መካከል ያለው ልዩነት

አካላዊ ምርመራ ማለት ሐኪሙ የታማሚውን ቃል ከሰማ በኋላ፣ ላቦራቶሪና ራጅ ከማዘዙ በፊት፣ በዓይኑ፣ በእጁና በጆሮው ሰውነትን ፈትሾ የበሽታ ምልክት የሚፈልግበት ሥራ ነው። የሕክምና ተማሪዎች አራት ተግባራትን በቅደም ተከተል ይማሩታል፤ መመልከት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ እና ማዳመጥ። ስለ ሕመም በስልክ ወይም በኮምፒውተር መጠየቅ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በምን እንደሚለይ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሥራ ቢጀምር ይሻለዋል። ልዩነቱ በዕውቀት ብዛት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ገና ድሮ ባለቀ ነበር፤ በበይነ መረብ ላይ ያለው የሕክምና ጽሑፍ አንድ ሐኪም በዕድሜ ልኩ አንብቦ ከሚጨርሰው እጅግ ይበልጣልና።

ሐኪምን ከርቀት ማማከር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አቅም ያለው ታማሚ የሚሰማውን ሁሉ በደብዳቤ ዘርዝሮ ለታወቀ ሐኪም ይልክ ነበር፤ ሐኪሙም ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው የመድኃኒትና የአመጋገብ ምክሩን ጽፎ ይመልስለት ነበር። የኤድንብራው ሐኪምና መምህር ዊልያም ከለን በዚህ መንገድ የተጻጻፋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ሐኪሙ ከአልጋው አጠገብ ቢቀመጥም ምላስና ሽንት ከማየት፣ የልብ ምትን በእጅ አንጓ ላይ ከመዳሰስ እምብዛም አያልፍም ነበርና፣ ደብዳቤው ያን ያህል የሚያጎድለው ነገር አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 የቪየናው ሐኪም ሊዮፖልድ አወንብሩገር ደረት በጣት መታ ሲደረግ ከሚሰጠው ድምፅ በውስጡ ፈሳሽ መኖሩንና አለመኖሩን መለየት እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ፤ አየር የሞላው ሳንባ እንደ ከበሮ ሲያስተጋባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1816 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኔክ ጆሮውን በአንዲት ታማሚ ደረት ላይ ማሳረፍ ነውር ሆኖበት ወረቀት ጠቅልሎ ቢያዳምጥ፣ የልቧን ምት ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ጥራት ሰማው፤ ዛሬ በሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ መነሻው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ታማሚው የሚናገረው እና ሰውነቱ የሚያሳየው ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ሆኑ። ታማሚው የማያውቀውን፣ ስለዚህም ጽፎ ሊልከው የማይችለውን ነገር ሐኪሙ ራሱ ማግኘት ቻለ። ዛሬ ምልክቶቻችንን በስልክ ተይበን መልስ ስንጠብቅ፣ ፍጥነቱ ልብ እንዳንለው ያደርገናል እንጂ፣ የተመለስነው ወደዚያው የደብዳቤ ሕክምና ነው።

የሆድ ሕመምን እንውሰድ። በስልኩ ላይ «የሆድ ሕመም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከጨጓራ እስከ ኩላሊት ጠጠር፣ ከሆድ ድርቀት እስከ ካንሰር የሚደርስ ዝርዝር ያገኛል፤ ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም፣ የትኛው የእርሱ እንደሆነ ግን አይነግረውም። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ምርመራው የሚጀምረው ገና ከበሩ ሲገባ ነው። ጎበጥ ብሎ፣ ቀኝ ጎኑን ይዞ፣ እርምጃውን እየቆጠበ የሚራመድ ሰው የሆድ ዕቃው ሽፋን ሳይቆጣ እንዳልቀረ ያስጠረጥራል፤ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶት የሚገላበጥ ሰው ግን ይበልጥ የኩላሊት ጠጠርን ያሳስባል። ከዚያ ታማሚው በጀርባው ይተኛል፤ ሆዱ ተገልጦ ማበጥ አለማበጡ፣ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ መኖሩ፣ ከትንፋሹ ጋር መንቀሳቀሱ ይታያል። ማዳመጥ በሌላው የሰውነት ክፍል የመጨረሻው ተግባር ሲሆን፣ ሆድ ላይ ግን ከመዳሰስ ይቀድማል፤ መጫን የአንጀትን እንቅስቃሴና ድምፅ ሊለውጥ ይችላልና። መዳሰሱ ሕመሙ ካለበት ቦታ ርቆ ይጀመርና ቀስ እያለ ይቃረባል፤ በዚህ ጊዜ የሐኪሙ ዓይን የሚያርፈው ታማሚው ፊት ላይ ነው፣ ፊት ከአንደበት ቀድሞ ይናገራል። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይነሣና ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ይወርዳል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቻርለስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. በ1889 እንደገለጸው፣ በቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ እና በእምብርት መካከል ያለች አንዲት ጠባብ ቦታ ስትጫን ሕመሙ ይበረታል፤ አንዳንዴም ከመጫኑ ይልቅ እጁ ድንገት ሲነሣ ይበልጥ ያማል። ከሐኪሙ እጅ ሥር ያለው ጡንቻ ታማሚው ሳያዝዘው ከጠነከረ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊያመራ ይችላል።

ታማሚው ይህን ቅደም ተከተል አንብቦ ራሱን ቢዳስስስ? መሞከር ይችላል፤ ነገር ግን የት እንደሚያም አስቀድሞ የሚያውቅ እጅ እዚያ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ሰውየውም ከራሱ ሆድ ሌላ የሚያነጻጽርበት ሆድ ዳስሶ አያውቅም። የሐኪሙ እጅ ዋጋ ያለው ከዚያ በፊት በዳሰሳቸው ጤነኛ ሆዶች ብዛት ነው።

በአንገት ላይ የወጣ እብጠትም ከዚህ አይለይም። ፎቶግራፍ መጠኑን በግምት ያሳያል፤ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ፣ በጣት ሲገፋ ይንሸራተት ወይም ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ይጣበቅ፣ ሲነካ ይመም ወይም አይመም፣ ይህን ግን ሊነግር አይችልም። ጉሮሮ ሲቆስል የሚያብጠው ንፍፊት በአብዛኛው ለስላሳ፣ ተንቀሳቃሽና የሚያም ነው። የማያም፣ የጠነከረና የማይነቃነቅ እብጠት ግን ሐኪሙን ያሳስበዋል፤ በተለይ በግራ በኩል በአንገት ግርጌ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የሚገኝ ከሆነ ከሆድ ዕቃ የተነሣ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፍተሻው ከአንገት ወደ ሆድ ይሻገራል። አንገቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ የላከ ሰው ሆዱን ማሳየት እንዳለበት ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ ለሌላው ወገንም ሚዛኑን መጠበቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት 80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር፤ በ66ቱ ላይ የመጨረሻው የበሽታ ውሳኔ የተደረሰበት ከላኪው ሐኪም ደብዳቤና ከታካሚው ቃል ብቻ ሲሆን፣ አካላዊ ምርመራ ወሳኝ የሆነው በ7ቱ፣ የላቦራቶሪና የመሳሰሉት ምርመራዎች ደግሞ በሌሎቹ 7 ላይ ነበር። ይህን አንብቦ «እንግዲያው ታሪኬን ጽፌ ከላክሁ ይበቃል» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሐኪሞች የታማሚን ታሪክ መውሰድ የሚሉት ሥራ የተነገረውን መቀበል ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን መልስ ተከትሎ ቀጣዩን ጥያቄ መምረጥ ነው። ታማሚው ከቁም ነገር ያልቆጠረውን ነገር አይጽፍም። ራሱን ያመመው ሰው የሕመሙን ብርታት ይጽፋል፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን ከጀመረበት እስከ ከፋበት ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ነው፤ ድንገት ተነሥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጅግ የበረታ ራስ ምታት በአንጎል ዙሪያ የደም መፍሰስን ሊያመለክት ስለሚችል ለነገ አይባልም። የመፈለጊያ ሳጥን ይህን መልሶ አይጠይቅም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች መልሰው መጠየቅ ይችላሉ፣ ይህም ቀላል የማይባል እርምጃ ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ሲጠየቁ የሚያዩት የተጻፈላቸውን ቃል ብቻ ስለሆነ «ደህና ነኝ» ብሎ የጻፈላቸውን ሰው ከማመን ሌላ ምርጫ የላቸውም። ሐኪሙ ፊት የቀረበው ሰው «ደህና ነኝ» እያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ግን ቃሉን የሚያስተባብለው ደረቱ ራሱ ነው።

ምልክቶችን አስገብተው የበሽታ ስም የሚቀበሉባቸው መተግበሪያዎች ምን ያህል እንደሚያስተማምኑም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናት 23 እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን መርምሮ፣ ትክክለኛውን በሽታ በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀመጡት በ34 በመቶው ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ «ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ» ወይም «ቤትህ ቆይ» በሚለው ምክር ደግሞ በ57 በመቶው ጊዜ ልክ እንደነበሩ አሳየ። ስሕተታቸው ብዙውን ጊዜ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነበር፤ ይህ ለአንድ ሰው ሕይወት ማትረፊያ ሲሆን ለሌላው ያለ ምክንያት ሌሊቱን በፍርሃት ማሳለፊያ ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ በጽሑፍ የቀረቡ ታሪኮችን ሐኪሞች እንዲያነቡ በተደረገ ጊዜ በመጀመሪያ ግምታቸው ልክ የሆኑት በ72 በመቶው ነበር። እነዚህ ሐኪሞች ማንንም ሳይዳስሱ መተግበሪያዎቹን መብለጣቸውን የሚያስረዳው በምልክቶች መካከል የማመዛዘን ልምዳቸው ነው፤ የቀረው 28 በመቶ ደግሞ ሐኪምም እንደሚሳሳት ያስታውሰናል። ከ2015 ወዲህ መሣሪያዎቹ ብዙ ስለተለወጡ ቁጥሩ ለዛሬዎቹ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም።

የቪዲዮ ምክክር ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ከአራቱ ተግባራት አንዱን፣ መመልከትን፣ በከፊል ይመልሳልና። በሚገባ ሲሠራ ያስደንቃል። ሳል የያዘው ሕፃን ልብሱ ተገልጦ ከታየ ሐኪሙ ትንፋሹን በስክሪን ላይ መቁጠር ይችላል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፣ የሳንባ ምችንም ያስጠረጥራል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባቱም ይታያል። በስትሮክ ሕክምናም የነርቭ ሐኪም ራቅ ካለ ሆስፒታል ሆኖ በቪዲዮ ታማሚውን «ፈገግ በል፣ ሁለቱንም እጆችህን አንሣ» እያለ መርምሮ ውሳኔ ይሰጣል፤ ልብ ማለት የሚገባው ግን በዚያኛው ጫፍ ከታማሚው አጠገብ ነርስ ወይም ሐኪም ቆሞ የሚነካለት መኖሩን ነው።

ቪዲዮ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ቀለም፣ ሙቀት፣ ሽታና ንክኪ ናቸው። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ቀለም በራሱ ስለሚያስተካክል የዓይን ቢጫ መሆንም ሆነ የደም ማነስ ያነጣው የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ሊያመልጠው ይችላል። ሽፍታ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ደብዛዛ በሚሆንበት ጊዜ በጣት ዳስሶ ከፍ ማለቱንና ሻካራነቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ይህ በየትኛውም ጥራት ባለው ካሜራ አይገኝም።

አካላዊ ምርመራ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት በክሊኒክ 140/90 ላይ የሚደረገው የከፍተኛ ግፊት መነሻ ቤት ውስጥ ለሚለካ ግፊት በብዙ መመሪያዎች ወደ 135/85 ዝቅ ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ክፍል ይልቅ የቤቱ ልኬት ይበልጥ ይታመናል። ደግሞም፣ በግልጽ ለመናገር፣ ሐኪሙ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ፣ ከኮምፒውተሩ ዓይኑን ሳያነሣ፣ እጁን ሳያሳርፍ በአምስት ደቂቃ መድኃኒት ጽፎ ካሰናበተን፣ ወረፋ ይዘን የሄድነው በቪዲዮ ለምናገኘው ነገር ነው። «ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ» ማለት «ተመርምሬአለሁ» ማለት አይደለም፤ ታማሚው «ቢያዩልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ስለዚህ በበይነ መረብ የሚገኘው ምክር ቦታው የት ነው? ምርመራው ከተካሄደና የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። የላቦራቶሪ ውጤት ማስረዳት፣ ቤት ውስጥ የተለካ ግፊትን ወይም ስኳርን ተመልክቶ የመድኃኒት መጠን ማስተካከል፣ የሚወሰድ መድኃኒት ከሌላው ጋር ይጋጭ እንደሆነ መጠየቅ፣ የሥነ ልቦና ምክክር፣ እነዚህ ሁሉ በርቀት ጥሩ ሆነው ይሠራሉ። የታወቀ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ሕመሙ በሰፊው ቢያነብ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ይሻሻላል እንጂ የሚጎዳው ነገር የለም። ስሙ ገና ያልታወቀ አዲስ ሕመም ግን፣ በተለይ የሚብስ ከሆነ፣ እጅ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ፣ አዋቂ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ፊቱ በአንድ በኩል ከወደቀ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም አንድ እጁ ከዛለ፣ በርቀት ምክክር የሚባክነው ደቂቃ ከሕክምናው የሚቀነስ ነው፤ የስትሮክን የደም መርጋት የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የአንጎል ምስል የሚነሣበት ጊዜም ይቀነሳል። በዚህ ጊዜ ስልኩ የሚያስፈልገው ድንገተኛ እርዳታ ለመጥራት እና ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቦ ለመያዝ ነው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ሰዓት ነውና።