የከባድ ፒክአፕ የፍሬን ዲስክ፦ አሠራሩ፣ እንክብካቤውና አቀያየሩ

የፍሬን ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ካሊፐር የሚባለው መቆንጠጫ ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ ያጣብቅበታል፤ መኪናውም ይቆማል። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ፒክአፑ ከባድ ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ሲጫንበትና ተሳቢ ሲቀጠልበት ግን የዚህ ብረት ጣጣ ይበዛል።

ከባድ ፒክአፕ የሚባሉት እንደ ፎርድ ሱፐር ዱቲ፣ ራም 2500 እና 3500፣ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ኤችዲና ጂኤምሲ ሲየራ ኤችዲ ያሉት ናቸው። በአሜሪካ የክብደት ምደባ ከነሙሉ ጭነታቸው በአብዛኛው ከ3,856 እስከ 6,350 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ በየጎማው 8 ዳዶ አላቸው። ፍሬናቸው እንደ ትልልቅ የጭነት መኪኖች በአየር አይሠራም፤ እንደ ቤት መኪና በፍሬን ዘይት ግፊት ነው የሚይዘው። ብዙዎቹ የናፍጣ ሞዴሎች ደግሞ ፔዳሉን የሚያግዘውን ጉልበት የሚያገኙት ከመሪ ፓምፑ ነው። በእነዚህ ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ እምቢ ካለ ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት የመሪ ዘይቱን ማየት ይቀድማል።

ብረቱና ሙቀቱ

ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ከነጭነቱ 6,000 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 2.3 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይዟል። ይህ 7 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አራቱ ዲስኮች ላይ ያርፋል። ክብደት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ግን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ዲስክን ከጭነት በላይ የሚፈጀው ፍጥነት ነው።

ስለዚህ የእነዚህ መኪኖች ዲስክ ግዙፍ ነው። በቅርብ ዓመታት ሞዴሎች የፊተኛው ዲስክ ስፋት ከ350 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ውፍረቱ ሁሉ ድፍን ብረት አይደለም። ሁለት ገጾች አሉት፤ በመሃላቸው ክንፎች አሉ። ዲስኩ ሲዞር አየር ከመሃል እየሳበ ወደ ዳር ይተፋል፤ በዚያ ይቀዘቅዛል። በአንዳንድ ዲስኮች ክንፎቹ ጠመዝማዛ ናቸው። እንዲህ ከሆኑ የግራውና የቀኙ ይለያያሉ፤ አቀያይሮ የገጠመ ሰው የማቀዝቀዝ አቅማቸውን ቀነሰው ማለት ነው።

ዲስኩ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከሚፈስ ግራጫ ብረት (ካስት አይረን) ነው። በውስጡ ያሉት የግራፋይት ቅጠሎች ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋሉ፤ ንዝረትንና ጩኸትንም ያፍናሉ። ዋጋውም አይከብድም። ቀዳዳ የተበሳባቸው ዲስኮች ለዓይን ያምራሉ፤ ጭነት ለሚጎትት ፒክአፕ ግን አይመከሩም። ብረት ይቀንሳሉ፤ ስንጥቅም ከቀዳዳው ነው የሚጀምረው። ፊታቸው ላይ መስመር የተቀደደላቸው ይሻላሉ፤ ያም ቢሆን ሸራን ቶሎ ይበላሉ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ዓለም ልብ ያለው ግን ጃጓር በ1953 የለ ማን ውድድርን በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ነው። በ1955 ሲትሮይን ዲኤስ የፊት ዲስክ ይዞ በብዛት መመረት ጀመረ። ፒክአፖች የኋላውን የታምቡር ፍሬን ለመተው ብዙ ቆዩ፤ ፎርድ ሱፐር ዱቲ በ1999 ሞዴሉ አራቱንም ጎማ በዲስክ ይዞ መጣ።

«ዲስኩ ተጣሟል»

ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ፔዳሉም እግር ሥር ይመታል። ሁሉም ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል። አዲስ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ደስ ይላል። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ንቅጥቅጡ ይመለሳል። ከዚያ ጥፋቱ «ፎርጅድ ዲስክ» ላይ ይለጠፋል።

ብዙውን ጊዜ ግን ዲስኩ አልተጣመመም። የተለወጠው ውፍረቱ ነው። በሞዞውና (ዲስኩና ጎማው በሚታሰሩበት የመሃል ክፍል) በዲስኩ መካከል ትንሽ ዝገት ወይም ቆሻሻ ከቀረ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ሲዞር በመጠኑ ይወላገዳል። ፍሬን ባይያዝም በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቦታ ሸራውን ይነካዋል። ያ ቦታ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ወይም የሸራው ቁስ ይለጠፍበታል። ከጊዜ በኋላ ዲስኩ አንድ ጋ ቀጭን፣ ሌላ ጋ ወፍራም ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ ሸራውን የሚገፉት የካሊፐሩ ፒስተኖች ያንን ልዩነት እየተከተሉ ይወጣሉ፤ ይገባሉ። እግር ሥር የሚመታው እሱ ነው። ልዩነቱ ከ0.02 ወይም ከ0.03 ሚሊ ሜትር ባይበልጥም ይሰማል። በዓይን ፈጽሞ አይታይም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የተለጠፈው የሸራ ቁስ ያለበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ሙቀቱ በጣም ሲያልፍ ብረቱ ራሱ እዚያ ቦታ ላይ ይጠነክራል፤ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣዋል። ጠንካራው ቦታ እንደ ሌላው ስለማይበላ ብቻውን አብጦ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ዲስክ ቶርኖ ላይ ቢላጭም ብዙ አይቆይም፤ ጥንካሬው ወደ ውስጥ የገባ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

እያንዳንዱ ዲስክ ላይ፣ ዳሩ ወይም መሃሉ ላይ፣ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ተቀርጿል። ከዚያ በታች ከሆነ መኪናው ቢቆምም ባይንቀጠቀጥም ዘመኑ አልቋል። ብረት ሲቀንስ ሙቀት የሚይዝበት አካል ይቀንሳል፤ ፒስተኖቹም ከልክ በላይ ይወጣሉ።

መለኪያው ማይክሮሜትር ነው። ተራ ካሊበር (ውፍረት መለኪያው መሣሪያ እንጂ የፍሬኑ ካሊፐር አይደለም) ብዙ ሰው ያሳስታል። ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ ዳር ሳይበላ ስለሚቀር እንደ ከንፈር ይነሳል፤ ዝገትም ይጨምርበታል። ካሊበሩ በሁለት በኩል ያንን ከንፈር ይዞ «ገና ነው» ይላል፤ ሸራው የሚፈጨው ቦታ ግን በሚሊ ሜትሮች ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። የማይክሮሜትሩን ጫፍ ከዳሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ዙሪያውን 8 ቦታ ላይ መለካት ነው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ንቅጥቅጡ ምንጩ ታወቀ። ውልግድናውን ለማየት ደግሞ ዲስኩ በዳዶ ከታሰረ በኋላ ባለ ሰዓት መለኪያ ተደግፎበት ይዞራል። ልኩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ካለፈ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አሽከርክሮ እንደገና መሞከር አንዳንዴ ብቻውን ያስተካክለዋል።

የውስጠኛውንም ገጽ ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ዲስክ ከውስጥ በዝገት ተልጦ ሊገኝ ይችላል፤ በተለይ መንገዱ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር። ፊቱ ላይ ያሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ሙቀት ያየ ዲስክ ሁሉ ላይ አሉ። ስንጥቁ ዳሩ ላይ ከደረሰ ግን ጨዋታ የለም፤ መለወጥ ነው።

መላጨት ወይስ መለወጥ? ውፍረቱ ከተላጨ በኋላም ከዝቅተኛው ልክ በላይ የሚተርፍ ከሆነ መላጨት ያስኬዳል። በተለይ መኪናው ላይ እንደታሰረ የሚላጭበት ማሽን ካለ ጥሩ ነው፤ የሞዞውንም ጥፋት አብሮ ያስተካክላል። ሁሌ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ግን አዲስ ወፍራም ብረት ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ ሥራው በጥንድ ነው፤ የግራው ከተነካ የቀኙም ይነካል።

አወላለቁ

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል። ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል። ከተነሳ በኋላ ክብደቱን የሚይዘው መቆሚያ እንጂ ክሪክ መሆን የለበትም። ከ3 ቶን በላይ በሚመዝን መኪና ሥር ክሪክ አምኖ መግባት ሞትን መጥራት ነው።

ጎማው ሲወጣ መጀመሪያ ካሊፐሩ፣ ቀጥሎ መያዣው ይፈታል። የመያዣው ቡሎኖች ትልልቅና ጥብቅ ናቸው፤ ረጅም እጀታ ይፈልጋሉ። የተፈታው ካሊፐር በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ አይተውም። ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይቀደዳል። አቧራውን በአየር መንፋትም ክልክል ነው፤ ለሳንባ አይሆንም። በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

ዲስኩ በዝገት ከሞዞው ጋር ተጣብቆ እምቢ ማለቱ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ለዚሁ ሲባል ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ ቡሎን እየተራ ሲጠብቅባቸው ዲስኩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ቀዳዳ ከሌለው ዝገት የሚፈታ ዘይት ይረጭና በቡሎኖቹ መሃል መሃል በመዶሻ ይመታል። የኋላው ዲስክ እምቢ ካለ ግን ከመዶሻው በፊት ውስጡን ማሰብ ነው። በብዙዎቹ ፒክአፖች የኋላው ዲስክ ሆድ ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ትንንሽ ሸራዎች አሉ። የእጅ ፍሬኑ ካልተለቀቀና ማስተካከያው በካቻቢቴ ካልላላ፣ በጉልበት የሚጎትተው ሰው ሸራውን ነቅሎት ይወጣል።

ሁሉም ዲስክ ተስቦ የሚወጣ አይደለም። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ዲስኩ ከሞዞው ጀርባ ነው የታሰረው። ለምሳሌ በ1990ዎቹ አጋማሽ በነበሩት ባለ አራት ጎማ ድራይቭ ዶጅ ራም 2500 ላይ የፊቱን ዲስክ ለመለወጥ ሞዞው ከነኩሽኔታው መውጣት አለበት። በአንዳንዶቹ ደግሞ የኋላው ዲስክ እንዲወጣ ሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ተስቦ ሞዞው ይነሳል። ያኔ የዘይት መያዣው ጎሚኒም አብሮ ይለወጣል። ጎሚኒው አፍስሶ የዲፈረንሻል ዘይት ሸራውን ካራሰው ሸራው ታጥቦ አይመለስም፤ ይጣላል።

አገጣጠሙ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ሥራ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሞዞው ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይጸዳል። ዋናው ቦታ በቡሎኖቹ ሥር ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው፤ ብሩሽ ስለማይደርስበት ዝገቱ እዚያ ይቀራል። አዲሱ ዲስክ ከዝገት የሚጠብቀው ዘይት ተቀብቶ ከመጣ በማጽጃ ይታጠባል። ካልታጠበ ዘይቱ ሸራው ውስጥ ይገባል።

የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ወጥተው ይጸዱና ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ይቀባሉ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ፒኑ ይያዛል። ፒን ሲያዝ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ሆኖ ይገኛል። ፒስተኖቹ ቀስ ተብለው ይገፋሉ፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ ከላይ ይታያል። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በልክ መለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ልኩ እንደ አምራቹ ነው፤ በእነዚህ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ190 እስከ 225 ኒውተን ሜትር ነው። በአየር ሽጉጥ ያለ ልክ መጨፍለቅ አዲሱን ዲስክ ያወላግደዋል፤ ያ ሁሉ ጽዳት ከንቱ ይቀራል። የፎርድ ኩባንያ ጎማው ተገጥሞ ከተነዳ በኋላ በ160 ኪሎ ሜትር ውስጥ ዳዶዎቹ እንደገና እንዲታዩ ይመክራል።

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግሞ ይረገጣል። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ፔዳል ባዶ ወለል ድረስ ይሰምጥበታል፤ መኪናው ያኔ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ነው።

ከዚያ ሸራና ዲስክ መላመድ አለባቸው። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለስለስ ባለ ፍሬን 10 ጊዜ ያህል ማውረድ ነው፤ በመሃል እየነዱ ማቀዝቀዝ። ሙሉ በሙሉ ማቆምና ፔዳሉን ረግጦ መጠበቅ አያስፈልግም። የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ቢጫን ቁሱን እዚያው ያትማል። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱን መከተል ነው።

ከገጠሙ በኋላ

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት ሲገባበትም ቶሎ ይፈላል። ዶት 3 ለሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ልክ አዲስ ሲሆን 205፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ሰውም «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ስለዚህ ዲስክ ሲለወጥ የዘይቱን ዕድሜ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በየ2 እና 3 ዓመቱ መለወጡ የተለመደ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳል ላይ መተኛት አዲስ ዲስክ በአንድ ቀን ያበላሻል። ከቁልቁለቱ በፊት በከባድ ማርሽ መግባት፣ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለ እሱን መክፈት፣ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ መልቀቅ ነው። ተሳቢ ካለ ደግሞ የተሳቢው ፍሬን በትክክል መያዙ ይፈተሻል። ተሳቢው ካልያዘ የሁለቱንም ክብደት የሚያቆመው ፒክአፑ ብቻውን ነው፤ እንዲህ የተነዳ መኪና ላይ የትኛውም ዓይነት ዲስክ አይበረክትም።