«ካላቃጠለ አልሠራም» እና ስለ ፊት አሲዶች የሚባሉ ሌሎች ስህተቶች

የሞተ ቆዳን ለማራገፍ ፊት ላይ ስለሚቀባው አሲድ ሲወራ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አሲድ» የሚለውን ስም ሲሰማ ገና ይሸሻል። ሌላው ጠርሙሱ ላይ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ይገዛል፣ ጠዋትም ማታም ይቀባል፣ ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ይቆጣል። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አሲዱ ምን እንደሚሠራ በደንብ አለማወቅ ነው።

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞቱ ሴሎች የተደራረቡበት ነው። እነሱ በጊዜያቸው ይረግፋሉ፣ ከሥር በሚመጡት ይተካሉ። በወጣት ሰው ቆዳ ይህ ዑደት 28 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። የሞተው ቆዳ ሳይረግፍ ሲከማች ፊት ይደበዝዛል፣ ይሻክራል፣ ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። አሲዱ እነዚህን ሴሎች እርስ በርስ ያያያዛቸውን ነገር ያላላል። ከዚያ ሳይፈተጉ ይለቃሉ። በቃ፣ ሥራው ይህ ነው። እንግዲህ ወደ ስህተቶቹ እንሂድ።

«ካላቃጠለ አልሠራም»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ማቃጠል ቆዳው እየተቆጣ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። የአሲዱን ውጤት አይለካም። ሲቀቡት ለአንድ ደቂቃ ያህል ትንሽ ቆንጠጥ ማድረጉ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ጥሩ ለውጥ ያያል። ቃጠሎው ከቀጠለ፣ ፊት ከቀላ ወይም ከተወጠረ ግን በውሃ ታጥባችሁ አቁሙ።

ሌላም ምልክት አለ። ድሮ ምንም የማይላችሁ ተራ የፊት ክሬም በድንገት መለብለብ ከጀመረ፣ ውሃን በውስጥ የሚይዘውና የውጭውን ነገር የሚከላከለው የቆዳ ንጣፍ ተጎድቷል ማለት ነው። ያኔ አሲዱን ለተወሰኑ ሳምንታት ተዉት። ለስላሳ ሳሙና፣ ወፈር ያለ ክሬምና ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት) ብቻ ይበቃል። «ትንሽ ልታገሠው፣ ይለምደዋል» ብሎ መቀጠል ነገሩን ያባብሰዋል።

ቆዳቸው ጠቆር ላለ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረውን ቀለም፣ ያበዛል። ቁጣው ካለፈ በኋላም ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጥቁር ነጥብ ለማጥፋት አሲድ የገዛ ሰው፣ በጥድፊያው ብዛት ሌላ ጥቁር ነጥብ ያተርፋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በቀላሉ ማስቀረት ይቻል ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ አሲድ መጠቀም አይችልም ማለቴ ግን አይደለም። በደንብ ይችላል። ዝግ ብሎ መጀመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማንደሊክ ወይም ላክቲክ አሲድ ለመነሻ ጥሩ ምርጫ ናቸው፤ ሞለኪውላቸው ከግላይኮሊክ አሲድ ስለሚተልቅ ወደ ቆዳ የሚገቡት ቀስ ብለው ነው።

«ፐርሰንቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሌላው ግማሽ ፒኤች ነው፤ ማለትም የፈሳሹ አሲዳማነት መጠን፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዳማነቱ ይበረታል። አሲዱ ወደ ቆዳ በደንብ ዘልቆ የሚሠራው ነጻ ሆኖ፣ ማለትም ወደ ጨው ሳይለወጥ፣ ሲገኝ ነው። ግላይኮሊክ አሲድን እንውሰድ። ፒኤቹ 3.8 አካባቢ ሲሆን ግማሹ ያህል ነጻ ነው። ፒኤቹ 5 ከደረሰ ነጻው ክፍል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በፒኤች 3.8 የተሠራ የ5 በመቶ ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ስስ ፈሳሽ)፣ በፒኤች 5 ከተሠራ የ10 በመቶ ሴረም በብዙ እጥፍ ይበረታል። ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን አያውቅም።

በአሜሪካ የመዋቢያ ምርቶችን ይዘት የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ለቤት የሚሸጡ እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ያሉ አሲዶች ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ፣ ፒኤቻቸውም ከ3.5 እንዳይወርድ መክሯል። ዛሬ በኢንተርኔት 30 በመቶና ከዚያም በላይ የሆነ «የቤት ፒሊንግ»፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ የሚልጥ ጠንካራ አሲድ፣ በቀላሉ ይገኛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ሰዎች ጠንካራ የኬሚካል ፒሊንጎችን ያለ ባለሙያ ክትትል ቤት ውስጥ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ከባድ ቃጠሎና ጠባሳ ሊያመጡ ይችላሉ። እነዚህን ለሐኪም ተዉአቸው።

«ሁሉም አሲድ ያው ነው»

አይደለም። ግላይኮሊክ፣ ላክቲክና ማንደሊክ ኤኤችኤ (አልፋ ሃይድሮክሲ አሲድ) ከሚባለው ምድብ ናቸው። በውሃ ይሟሟሉ፣ በዋናነት ላይ ላዩን ይሠራሉ። ለሻከረና ለደበዘዘ ቆዳ ይሆናሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ ቢኤችኤ ይባላል፤ በቅባት ስለሚሟሟ ወዝ ወዳለበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ለብጉርና ቀዳዳ ደፍኖ ለሚጠቁረው ወዝ (ብላክሄድ) የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ፒኤችኤ የሚባሉት እንደ ግሉኮኖላክቶን ያሉት ደግሞ ትልልቅ ሞለኪውል ስላላቸው በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ ይመቻሉ። ሃያሉሮኒክ አሲድ? እሱ እርጥበት ይይዛል እንጂ ምንም አያራግፍም። የእሱን ጠርሙስ አትፍሩት።

«አሲድ ቆዳን ያሳሳል»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ አሲዱ የሞተውን ንጣፍ ያቀለዋልና። ከሥሩ ያለው ሕያው ቆዳ ግን አይሳሳም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ተሳታፊዎች 25 በመቶ ኤኤችኤ ያለበትን ሎሽን አንድ ክንዳቸውን ለስድስት ወር ገደማ ቀቡ፣ ሌላውን ደግሞ አሲድ የሌለው ሎሽን። አሲድ የተቀባው ክንድ ቆዳ ወፍሮ ተገኘ። ጥናቱ ላይ ስላለ 25 በመቶ ገዝታችሁ ፊታችሁን ቀቡ ማለት ግን አይደለም። ቆዳን የሚጎዳው ከመጠን በላይ መጠቀም ነው።

«ማታ ስለቀባሁ ሰንስክሪን አያስፈልገኝም»

ያስፈልጋል፣ በየቀኑ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባስጠናው ጥናት ለአራት ሳምንት ኤኤችኤ የተቀቡ ሰዎች ቆዳ በጨረር የመቅላቱ ነገር በ18 በመቶ ጨምሯል፤ በጨረር የሚደርሰው የሴል ጉዳት ደግሞ በአማካይ በእጥፍ። መቀባቱ ከቆመ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ማታ መቀባታችሁ ቀን አያድናችሁም፤ የሚያድናችሁ የመከላከል መጠኑ (ኤስፒኤፍ) ቢያንስ 30 የሆነ ሰንስክሪን ነው። ካቆማችሁ በኋላም ሳምንት ሙሉ አትርሱት። ጥቁር ቆዳም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ማድያትና ጥቁር ምልክት በፀሐይ ይባባሳሉ።

«ብጉር ከበዛ ቆዳው እየጸዳ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። አሲዱ የሴሎችን መተካት ስለሚያፈጥን ቀድሞ ከሥር ይበስል የነበረው ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ብጉር በሚወጣባችሁ የለመደው ቦታ ላይ ነው፤ በጥቂት ሳምንታትም ይቀንሳል። ብጉር ወጥቶ በማያውቅበት ቦታ ከወጣ፣ የሚያሳክክ ሽፍታ ከሆነ ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላም ካልበረደ ግን መጽዳት አይደለም። ምርቱ አልተስማማችሁም፣ ተዉት።

«ሎሚም አሲድ ነው፣ ያው አይደል?»

እባካችሁ አታድርጉት። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፤ ምን ያህል እየቀባችሁ እንደሆነም መለካት አትችሉም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሎሚና መሰሎቹ ፍሬዎች ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳው ጠቁሮ ይቆያል።

«ቶሎ ለውጥ ለማየት ሁሉንም አንድ ላይ»

ስክራብ (ፊትን የሚፈትግ ቅባት)፣ አሲድ፣ ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቅባት)፣ ሁሉም በአንድ ምሽት። ይህ የተለመደው የፊት መቆጣት መንገድ ነው። አንድ አሲድ ምረጡ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ማታ፣ ታጥቦ በደረቀ ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ክሬም አስከትሉ። ሬቲኖል የምትጠቀሙ ከሆነ በሌላ ምሽት ይሁን። ለውጡን ለመፍረድ ሁለት ወር ገደማ ስጡት። በፊት ላይ እንዲቆይ የተሠራ ሴረም ደግሞ አሲዱን የሚያረክስ ሌላ ነገር መቀባት አያስፈልገውም፤ ያ ለሐኪም ቤት ጠንካራ ፒሊንግ ነው።

«ነፍሰ ጡር ጨርሶ መንካት የለባትም» የሚባለውም ተጋኗል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ ግላይኮሊክና ሳሊሲሊክ አሲዶች በእርግዝና ወቅት ቆዳ ላይ ሊቀቡ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ በእርግዝና መተው ያለበት ሬቲኖይድ (ሬቲኖልና መሰሎቹ) ነው። ያም ሆኖ የሚከታተላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ችፌ ያለበት፣ ፀሐይ ያቃጠለው ወይም ብጉር የሚያጠፋ ጠንካራ ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን፣ እርጉዝ ይሁንም አይሁንም፣ ሐኪሙን ሳያነጋግር አሲድ አይጀምር።