«ሳንጋባ ስለወለድን ቀለብ አይገባውም» እና ልጆችን የሚጎዱ ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንድ አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ልደታ እሰማዋለሁ፣ ተክለ ሃይማኖት እሰማዋለሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ወረዳ ቢሮ ደጃፍ ላይም እሰማዋለሁ። «ከአባቱ ጋር አልተጋባንም፤ ምን ብዬ ቀለብ እጠይቀዋለሁ?» እንዲህ በምትል እናት አልፈርድም። የምናደደው እንዲህ ብለው በነገሯት ሰዎች ነው። ጎረቤት ይነግራታል፣ ዘመድ ይነግራታል፣ አንዳንዴም ቢሮ ውስጥ ወንበር ይዞ የተቀመጠ ሰው ይነግራታል። ልጁ ደግሞ የሚገባውን ሳያገኝ ያድጋል።

ሶሻል ወርከር ነኝ። ሥራዬ ልጆች በሕግ የተሰጣቸውን እንዲያገኙ ከእናቶችና ከአያቶች ጋር ቢሮ ለቢሮ መሮጥ ነው። ስለ ቀለብ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ጉዲፈቻ ቀርቷል።» የቀረው ለውጭ አገር ሰዎች ይሰጥ የነበረው ነው። ፓርላማው በጥር 2010 ነው የከለከለው። ኢትዮጵያዊ ዛሬም በጉዲፈቻ ልጅ ማሳደግ ይችላል። ዕድሜው 25 የሞላ መሆን አለበት፤ ስምምነቱንም ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። የዘመድ ልጅ ወስዶ ማሳደግ መልካም ነው፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ግን በሕግ ፊት ጉዲፈቻ አይደለም።

«የትምህርት ቤት ምገባ ለችግረኛ ልጅ ብቻ ነው።» አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ሁሉ ነው። የሚመገቡት ልጆች ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። «ሰው ምን ይላል» ብላችሁ ልጃችሁን እንዳይበላ አትከልክሉት።

«ሴፍቲኔት ቁጭ ብሎ መብላት ነው።» ይህን የሚል ሰው ማለዳ ወጥቶ መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ይመልከት። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚከፈለው እየሠራ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ሳይሠሩ ድጋፍ የሚያገኙት መሥራት የማይችሉት ናቸው፤ አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ ከባድ ሕመምና አካል ጉዳት ያለባቸው።

«መምህር ቢገርፈው ለራሱ ነው።» ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 36፣ በትምህርት ቤት ልጅ በአካሉ እንዳይቀጣ ይከለክላል። አለቀ።

«የወሊድ ፈቃድ የአሠሪው ቸርነት ነው።» የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ይሠራል። ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ለአባትም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው። ሦስት ቀን ትንሽ ነው፤ እሷንም ሳይጠይቁ የሚቀሩ አባቶች ግን ብዙ ናቸው።

«ልጅ ጥቃት ከደረሰበት መጀመሪያ ለዘመድ፣ ከዚያ ለሽማግሌ።» እባካችሁ፣ ይህን ተዉት። መጀመሪያ ሕክምና ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ልጁን አታጥቡት፣ ልብሱንም አታጥቡ። መሀል ከተማ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ እዚያው ይገናኛሉ። ልጁ የደረሰበትን በየቢሮው እየደጋገመ እንዳይናገር ታስቦ የተቋቋመ ነው። ጉዳዩ ወንጀል ነው፤ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ነገር አይደለም።

«የክትባት ካርድ አለው፤ የልደት ሰርተፊኬቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ይወጣለታል።» የክትባት ካርድ የሚመሰክረው ስለ ክትባት ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚሰጣችሁ የልደት ማሳወቂያም ምዝገባ አይደለም፤ ይዛችሁት ወረዳ የምትሄዱበት ወረቀት ነው። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። አገር አቀፉ ምዝገባ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አለ። 90 ቀኑ ቢያልፍም ልጁ «የዘገየ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጣጣው ግን ይበዛል። «አባቱ ካልመጣ አይመዘገብም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሕጉ አባት ወይም እናት ያስመዝግቡ ነው የሚለው። እናት ብቻዋን መሄድ ትችላለች። መስኮት ላይ ከመለሷችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ወደ ኃላፊው ግቡና የሚከለክለውን አንቀጽ እንዲያሳያችሁ በትህትና ጠይቁ። የሚያሳያችሁ አንቀጽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሳንጋባ ስለወለድን ቀለብ አይገባውም።»

ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብን ግዴታ የሚጥለው በወላጅነት ነው። ሰርግ ነበር ወይ፣ ቀለበት ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ልጁ የእሱ ነው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። መብቱ የልጁ ነው። እናት የምትጠይቀው በልጇ ስም ነው፤ ስለዚህ «ክብሬን ጠብቄ ትቼዋለሁ» ብትል የምትተወው የራሷን አይደለም።

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ወጣት ነበረች። ልጇ አራት ዓመቷ ነው። አባትየው የግል ድርጅት ደመወዝተኛ ነው፤ መላኩን ካቆመ ቆይቷል። «እትዬ፣ ሰርግ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ምን ይዤ ልቅረብ?» አለችኝ። ስልክሽን አምጪ አልኳት። ሲኒዎቹን ገፋ አድርገን ረከቦቱ ጥግ ላይ ቴሌብሩን ከፈትን። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሲልክላት የነበረው ገንዘብ ተራ በተራ ወጣ። መልእክቶቹን ስናይ ደግሞ «ለልጄ ወተት ግዢላት» የሚል አለ፣ «ትኩሳቷ በረደላት ወይ?» የሚል አለ። የክርስትናዋ ቀን ሕፃኗን ታቅፎ የተነሳው ፎቶም ነበረ። «ይሄ ማስረጃ ነው እንዴ?» ብላ አየችኝ። ልጥለው ነበር አለች፤ ስልኳ ሞልቶባት እያጠፋች ነበር።

ማስረጃ ነው። «ዲኤንኤ ካልተመረመረ አባትነት አይረጋገጥም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የቤተሰብ ሕጉ ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ልጁ በተጸነሰበት ጊዜ ሁለቱ ሳይጋቡ አብረው በግንኙነት ይኖሩ ከነበረ አንዱ ነው። አባት የተባለው ሰው አባትነቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ካለ ሌላው ነው። እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግ፣ እንክብካቤ ወይም ትምህርት ከተሳተፈም እንዲሁ። ጠለፋ፣ መድፈርና ማታለልም አሉበት። ስለዚህ እህቶቼ፣ ደረሰኝ አትጣሉ፣ መልእክት አታጥፉ። ቤት ያከራየቻችሁ ሴትዮ፣ አብራችሁ ስትኖሩ ያያችሁ ጎረቤት፣ ሁሉም ምስክር ይሆናል።

የእሷ ነገር ረጅም ቀጠሮ ነበረው፤ በመጨረሻ ቀለቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈል ታዘዘ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ የተሳሳተ ወሬ አለ፤ «የልጅ ድርሻ የደመወዙ ሲሶ ነው» የሚል። ሕጉ ለቀለብ የተቆረጠ መጠን አላስቀመጠም። ፍርድ ቤቱ የልጁን ፍላጎትና የአባቱን አቅም አይቶ ይወስናል። ሲሶ የሚለው የመጣው ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ነው። ከሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከሲሶ አይበልጥም ይላል። ያ ለቆራጩ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ኑሮ ሲወደድ፣ ልጁ ትምህርት ሲጀምር ወይም የአባትየው ገቢ ሲቀየር መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ከዓመታት በፊት በተወሰነ ገንዘብ ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ ማንም «ይሻሻላል» ብሎ አልነገራቸውም።

አንዳንድ አባቶች ደግሞ ቀለብ ወተትና ዳቦ ብቻ ይመስላቸዋል። ሕጉ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ብሎ ዘርዝሯል። ጥያቄውን ስታጽፉ እነዚህን ሁሉ ጻፉ። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዳንዴ «ለምግብ» ብቻ ብለው ይጨርሱታል። ከመፈረማችሁ በፊት አስነብቡት። የቤት ኪራዩን ድርሻ፣ የትምህርት ቤቱን ወጪ፣ የመድኃኒቱን ደረሰኝ አያይዙ።

ከሁሉ በላይ እናቶችን አፋቸውን የሚያስይዛቸው ግን ፍርሃት ነው። «ቀለብ ከጠየቅሁት ልጄን ይወስድብኛል» ይላሉ። አባቶችም ይህን ፍርሃት ያውቁታል፤ «ክሰሺኝና ልጄን ወስጄ አሳይሻለሁ» ይላሉ። ልጅ ማን ዘንድ ይደግ የሚለው ለብቻው የሚታይ ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ያያል። ደመወዝ ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ ሀብታም የሆነ ሁሉ ልጅ አይወስድም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ልጁን ያሳደገችው አክስት ዘንድ እንዲቆይ ሲወስን አባትነት ብቻውን አልበቃም፤ የልጁ ጥቅም ቀድሟል። «አምስት ዓመት ሲሞላው ለአባቱ ይሰጣል» የሚለውም የድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትዝታ ነው። ዛሬ በዚህ ከተማ የሚሠራው ሕግ እንዲህ ያለ ቀን ቆጠራ የለውም።

ይህን ከተናገርኩ ለእናቶችም አንድ ነገር ልበል። «ካልከፈለ ልጁን አያይም» አትበሉ። አባቶችም «ካላሳየችኝ አልከፍልም» አትበሉ። ልጁ ቀለቡም ይገባዋል፣ አባቱን ማየትም ይገባዋል። አንዱን ለሌላው መያዣ ስታደርጉት የሚጎዳው እሱ ነው፤ እናንተ ስትጣሉ እሱ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

ሽማግሌን በተመለከተ፣ ሽማግሌ አከብራለሁ። ብዙ ቤት የዳነው በሽማግሌ ነው። ግን «በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል፤ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል?» ሲባል ዝም ማለት አልችልም። የማውቃት አንዲት እናት አለች፤ የልጇ አባት «በየወሩ እልካለሁ» ብሎ ሽማግሌዎች መርቀው ተለያዩ። ሁለት ወር ላከ፣ ከዚያ ቀረ። እሷ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ላለማሳፈር ብላ ከዓመት በላይ ጠበቀች። በቤተሰብ ሕጉ፣ የመክፈያ ጊዜው የደረሰ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተሰበሰበ ወይም ካልተጠየቀ፣ ለመኖር የግድ የሚያስፈልግ መሆኑን ካላስረዱ በስተቀር ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠየቅም። ሌላ ነገር ብትረሱ ይህን ሦስት ወር አትርሱ። በሽማግሌ ተስማሙ፤ የተስማማችሁትን ግን በጽሑፍ አድርጉትና ፍርድ ቤት ያጽድቀው። ያን ጊዜ ቢያቋርጥ አፈጻጸም መክፈት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ አስገድዶ እንዲያስከፍለው መጠየቅ፣ ትችላላችሁ።

«ሥራ የለኝም ካለ አበቃ» የሚለውም አያስኬድም። የወር ደመወዝ የሌለው ሰው ገቢ የለውም ማለት አይደለም። ሹፌር ነው፣ ደላላ ነው፣ ግንበኛ ነው፤ በምስክር ይረጋገጣል። እሱ በእርግጥ አቅም ከሌለው ደግሞ ሕጉ የቀለብን ግዴታ በአያቶችና በልጅ ልጆች መካከልም አኑሯል። አቅም እያለው በቂ ምክንያት ሳይኖረው የሚከለክል አባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 በእስራት ወይም በመቀጮ ሊቀጣ ይችላል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በዚሁ አንቀጽ ውስጥ አለ። የሚከሰሰው ግን አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ ስለሌለ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ወረዳችሁ ያለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቅም እንደሌላችሁ ካስረዳችሁ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍሉ መክሰስ ትችላላችሁ። አቤቱታው የሚቀርበው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለቤተሰብ ችሎት ነው። የልጁን የልደት ሰርተፊኬት፣ የነዋሪነት መታወቂያችሁን፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ፣ የደረሰኞቹንና የመልእክቶቹን ቅጂ ያዙ። ደመወዙ ስንት እንደሆነ አላውቅም ብላችሁ አትቅሩ። የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም ካወቃችሁ፣ ፍርድ ቤቱ ለአሠሪው ጽፎ እንዲያጣራ በማመልከቻችሁ ላይ ጠይቁ።