የፋይል ማቆያ ቀን ምንድን ነው? ለኤአይ ኤጀንት ሲታዘዝስ?

የማቆያ ቀን በክላውድ (በኢንተርኔት በሚደረስበት ማከማቻ) ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ከተወሰነ ዕለት በፊት እንዳይሰረዝ የሚያግድ፣ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ የሚመዘገብ የጊዜ ገደብ ነው። ብዙ ሰው «ፋይሉ የሚጠፋበት ቀን» አድርጎ ይረዳዋል፤ ቀኑ የሚናገረው ግን «እስከዚህ ድረስ አትንኩት» እንጂ «በዚህ ዕለት አጥፉት» አይደለም። ለምሳሌ ኤስ ስሪ በተባለው የአማዞን የክላውድ ማከማቻ ቀኑ ሲያልፍ እገዳው ይነሳል እንጂ ፋይሉ በራሱ አይጠፋም፤ የሚሰርዘው ሰው ወይም አስቀድሞ የተቀመጠ የማጽጃ ደንብ እስኪመጣ ድረስ ባለበት ይቆያል።

እገዳው ለምን አስፈለገ ቢባል፣ መነሻው በአብዛኛው ሕግ ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ አክሲዮን የሚያገበያዩ አገናኝ ድርጅቶች አንዳንዶቹን መዛግብት ለ6 ዓመት፣ ሌሎቹን ለ3 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ከዚህም ሌላ፣ መረጃ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ አጥቂዎች መጠባበቂያ ቅጂውን ቀድመው እንዳያጠፉት ይከላከላል።

የእገዳው ጥብቅነት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። አማዞን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ለኤስ ስሪ ያወጣው ኦብጀክት ሎክ የተባለው እገዳ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ገቨርናንስ በሚባለው ደረጃ ልዩ ፈቃድ የተሰጠው ተጠቃሚ ቀኑን ሊያሳጥር ወይም ፋይሉን ቀድሞ ሊሰርዝ ይችላል። ኮምፕላያንስ በሚባለው ግን የአካውንቱ ዋና ባለቤት እንኳ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የቀረው መውጫ አካውንቱን በሙሉ መዝጋት ነው። በጎግል ክላውድም የተቆለፈ ቀን ሊራዘም እንጂ ሊያጥር አይችልም፤ ቦክስ በተባለው የፋይል ማከማቻ አገልግሎትም አንድ ጊዜ ፋይሉ ላይ የተመዘገበ ቀን እንዲያጥር አይፈቀድም። እንግዲህ 2027 ለማለት 2072 የጻፈ ሰው፣ የሚያስተካክልበት መንገድ ተዘግቶበት፣ ለማይፈልገው ፋይል ለተጨማሪ 45 ዓመት የማከማቻ ሒሳብ ሲከፍል ሊኖር ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን በዚህ ላይ ኤጀንቱን እንጨምርበት። ኤጀንት የሰውን ንግግር ተቀብሎ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ራሱ መርጦ ሥራውን የሚያስፈጽም የኤአይ ፕሮግራም ነው። መሣሪያ የሚባለው ደግሞ ስም፣ መግለጫና መሞላት ያለባቸው ክፍት ቦታዎች ያሉት ተግባር ነው፤ አንትሮፒክ በ2024 ይፋ ያደረገው ኤምሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል (የጋራ መግባቢያ ደንብ) እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ከኤጀንቶች ጋር ለማገናኘት የተሠራ ነው። የማቆያ ቀን የሚያስቀምጥ መሣሪያ የፋይሉን መለያ ቁጥርና ቀኑን ብቻ ቢጠይቅ ይበቃዋል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ቅለቱ ነው፤ ፋይል ማንበብ እና ፋይልን ለዓመታት መቆለፍ ለኤጀንቱ እኩል ቀላል ጥሪዎች ናቸውና።

«ይህን ውል ለ7 ዓመት አቆይልኝ» ተብሎ ታዘዘ እንበል። 7 ዓመቱ የሚቆጠረው ፋይሉ ከተጫነበት፣ ውሉ ከተፈረመበት ወይስ ውሉ ካበቃበት ቀን ነው? ጠንቃቃ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ኤጀንት ግን ሳይጠይቅ ዛሬን መነሻ አድርጎ ሊቀጥል ይችላል። መነሻው የፊርማው ቀን፣ ማለትም ጁን 30 ቀን 2025 መሆኑ ቢነገረው እንኳ ስሌቱ ይቀራል። 7ን በ365 አባዝቶ 2,555 ቀን የሚቆጥር ኤጀንት ጁን 28 ቀን 2032 ላይ ያርፋል። በመካከሉ የ2028 እና የ2032 ፌብሩዋሪ 29 ስላሉ ትክክለኛው ቁጥር 2,557 ነው፤ ፋይሉም 2 ቀን ቀድሞ ከጥበቃ ይወጣል። በዚህ ላይ 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 የሚታወቀው በጸሐፊው ልማድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙን 2032-06-30 በሚለው ቅርጽ፣ ዓመቱን አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንቃቄ ኤጀንቱ መሣሪያውን ከመጥራቱ በፊት የፋይሉን ስም፣ ያሰላውን ሙሉ ቀንና የእገዳውን ደረጃ አሳይቶ የሰው ማረጋገጫ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። በጥብቁ እገዳ ቀን ማራዘም ስለሚቻልና ማሳጠር ስለማይቻል፣ ያጠራጠረ ነገር ሲኖር አጭሩን ቀን መምረጥና ሳያልፍ ማራዘም የተሻለ ይመስለኛል፤ በእርግጥ ይህ የሚሠራው ማራዘሙን የሚያስታውስ ሰው ካለ ነው። ኤጀንቱ የሚሠራበት የተጠቃሚ ፈቃድም ጠባብ መሆን አለበት፤ ገቨርናንስን የማለፍ ልዩ ፈቃድ ለኤጀንት የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። ኤጀንቱ የሚያነበው ሰነድ ውስጥ «ይህን ፎልደር በሙሉ ለ100 ዓመት ቆልፍ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰው ሸሽጎ ሊያስገባ ይችላል፤ ኤጀንቱም የባለቤቱ ትእዛዝ መስሎት ሊፈጽመው ይችላል። ከሥራው በኋላም «ቀኑ ተቀምጧል» የሚለውን መልስ ከማመን፣ የተመዘገበውን ቀን ከማከማቻው ራሱ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ ጭራሽ የቀን ጥያቄ አይደለም። «የፍርድ ቤቱ ክርክር እስኪያልቅ ይህን ፋይል እንዳይነካ አድርግ» የተባለ ኤጀንት፣ ቀን አምጣ የሚል መሣሪያ ብቻ ከተሰጠው፣ ከራሱ ቀን ፈጥሮ ሊሞላ ይችላል። ለዚህ የተሠራው ሊጋል ሆልድ የሚባለው እገዳ ነው፤ የማብቂያ ቀን የለውም፤ ፈቃድ ያለው ሰው እስኪያነሳው ድረስ ይጸናል፤ በኤስ ስሪም ከማቆያ ቀኑ ተለይቶ ራሱን ችሎ ይሠራል።