የጊዜ አጠቃቀም ምንድን ነው? ቀንን እስከ አፉ መሙላት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሠራተኞች ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲያስተምር የሥራውን ቀን በየሩብ ሰዓቱ የከፋፈለ ቅጽ አደለና አንዲትም ሣጥን ባዶ እንዳትቀር አሳሰበ፤ ባዶ የቀረች ሩብ ሰዓት እንደ ባከነች ትቆጠራለች አለ። ይህን አባባል በጽሑፍም በንግግርም ደጋግሜ ስለሰማሁት፣ ሙያዬም የሥራ ፍሰትንና ወረፋን ማጥናት ስለሆነ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክሩ የሠራተኛውን ጭንቀት የሚያባብስ እንጂ የሚያቃልል አይደለም።

የጊዜ አጠቃቀም ማለት አንድ ሰው የሚቀበለውን ሥራ ካለው አቅም ጋር አመዛዝኖ፣ ሳይታሰብ ለሚመጣው ቦታ ትቶ፣ የጀመረውን የሚጨርስበት ሥርዓት ነው። ከሦስቱ ሁልጊዜ የሚዘነጋው መካከለኛው ነው። የሥራ ዝርዝር ስለ መጻፍም ሆነ ከባዱን ሥራ በጠዋት ስለ መጀመር ብዙ ተብሏልና እዚያ ላይ አልቆይም።

ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናውን እስከ አንገቱ ሞልታ አትጥደውም። ቡናው ሲንተከተክ ወደ ላይ እንደሚነሣ ታውቃለችና የሚነሣበትን ቦታ አስቀድማ ትተዋለች። ያ ቦታ ከሌለ ቡናው ይገነፍላል፤ ሲገነፍልም ውኃው ብቻ ሳይሆን ዱቄቱም አብሮት ይወጣል፣ ፍሙም ይጠፋል። ከእሳት ከወረደ በኋላም ወዲያው አይቀዳም፤ አተላው እስኪሰክን ማቶቱ ላይ ይቆያል። በሥራ ቀን ውስጥ የተተወ ባዶ ሰዓትም እንዲሁ አስቸኳዩ ጉዳይ የሚነሣበት ቦታ ነው፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት የሚወሰደው ጥቂት ደቂቃ ደግሞ መስከኛው ነው። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ያልጨረሰውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው ከፊል ሐሳቡ በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀር አሳይታለች። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና ማለት ይህ ነው።

አሠልጣኙ ግን፣ ሠራተኛው ፈጣን ከሆነ ቀኑ ቢሞላም ችግር የለም ብሎ ይከራከር ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ይገባል። ወረፋን በሒሳብ ማጥናት የጀመረው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። ከዚያ ወዲህ በዳበረው ስሌት፣ አንድ ሠራተኛ እያንዳንዱን ጉዳይ በአማካይ በ30 ደቂቃ ይጨርሳል እንበል። የሥራ ጊዜው 50 በመቶ የተያዘ ከሆነ አዲስ የመጣ ጉዳይ ተራው እስኪደርስ በአማካይ 30 ደቂቃ ይጠብቃል። 80 በመቶ ሲያዝ ጥበቃው 2 ሰዓት፣ 90 በመቶ ሲያዝ 4 ሰዓት ተኩል፣ 95 በመቶ ሲያዝ ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ከ80 ወደ 95 በመቶ የተጨመረው ሥራ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው፤ ጥበቃው ግን ወደ አምስት እጥፍ ተጠግቷል። ፍጥነት ይህን ቅርጽ አይለውጠውም፤ ፈጣኑም ሠራተኛ 95 በመቶ ከተሞላ ጉዳዩ ይከመርበታል።

በእርግጥ ይህ ስሌት የሚሠራው ጉዳዮች ያለ ቀጠሮ ሲመጡና የሚወስዱት ጊዜ በእጅጉ ሲለያይ ነው። በቀጠሮ ብቻ የሚያስተናግድና የሥራው ዓይነት ተመሳሳይ የሆነ ሰው 90 በመቶ ቢሞላም ላይጨናነቅ ይችላል። ስለዚህ ቀናችሁን ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉ እያሉ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ መለኪያ የሚሰብኩትንም አልደግፍም።

አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ክፍል፣ በወሩ መጨረሻ፣ ከአንዲት የሒሳብ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጬ ውያለሁ። ጠዋት 2፡30 ላይ የከፈተችው ማስታወሻ ደብተር እስከ 11፡30 ድረስ አንድም ክፍት መስመር አልነበረውም። 3 ሰዓት ሳይሞላ የኃላፊው ስልክ መጣ፤ ቀጥሎ በቀይ እስክሪብቶ «አስቸኳይ» የተጻፈበት ፋይል፣ ከዚያም ፊርማ የጎደለው ሰነድ የያዙ አንዲት እናት። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ ጠዋት ይመለሱልኝ» ስትላቸው ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም። ለምሳ ስንነሣ ከጠዋቱ ዝርዝር የጨረሰችው አንዱን ብቻ ነበር፤ ከቀሩት ላይ ወደ ማግስቱ ገጽ ቀስት አሰመረች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታ ፋይሎቹን በልቧ እንደምትቆጥር የነገረችኝ በዚያ ቀን ነው። ሰነፍ አልነበረችም፤ ጀበናው እስከ አንገቱ ተሞልቶ የተጣደባት ሰው ነበረች።

ከእርሷ ጋር የተነጋገርነው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ከ5 ሰዓት እስከ 6፡30 ያለውን ጊዜ ምንም ሳይመደብበት ማስቀረት ነው። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ፋይል መቀነስ ሲሆን፣ መነሻው አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ነው፤ በእጅ ያለው የጉዳይ ብዛት በቀን ለሚጠናቀቀው ብዛት ሲካፈል አንድ ጉዳይ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። በቀን 5 የሚጨርስ ሰው 40 ፋይል ከፍቶ ከያዘ እያንዳንዱ 8 ቀን ይቆይበታል፤ 15 ብቻ ከያዘ ግን 3 ቀን። ያልተከፈተው ጉዳይ በደጅ መጠበቁ አይቀርም፤ ሕጉም የሚገቡና የሚወጡ ጉዳዮች በረጅም ጊዜ ሲመጣጠኑ እንጂ በየቀኑ አይሠራም። ሆኖም ባለጉዳዩ መቼ እንደሚመለስ በእውነት መንገር የሚቻለው በእጅ ያለው ሲያንስ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይለይ መቅረት የለበትም። በቀን የሚመጣው ሥራ በቀን ከሚያልቀው በቋሚነት ከበለጠ ወረፋው ያለ ገደብ ያድጋል፤ ያን የሚያቃልል የጊዜ አጠቃቀም ዘዴ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ጫና ያለበት ሠራተኛ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ስንት ጉዳይ እንደገባና ስንት እንደወጣ መዝግቦ፣ ቁጥሩን ይዞ ኃላፊው ዘንድ ይግባ፤ መቀነስ ያለበት ሥራው ነው ወይስ መጨመር ያለበት ሰው ነው የሚለውን መወሰን የኃላፊው ድርሻ ነውና።