ከመርከብ ተነስቶ የብስ ላይ፦ ስለ ማሪን ሄሊኮፕተሮች የሚባለውና እውነታው

ሄሊኮፕተር በፊልም ሲታይ መርከብም፣ ነዳጅም፣ መካኒክም የለውም። ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሄዳል። ማሪኖችን (ከመርከብ ወርደው የብስ ላይ የሚዋጉ ወታደሮችን) ከባሕር ወደ የብስ ስለሚያመላልሱ የሄሊኮፕተር ስኳድሮኖች (የበረራ ክፍሎች) የሚወራው ስሕተት አብዛኛው የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ከታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተጀመረው ቬትናም ላይ ነው»

ቬትናም ስሙን አገነነችው እንጂ አልጀመረችውም። መነሻው አቶም ቦምብ ነው። በ1946 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት የቢኪኒ ደሴቶች ቦምቡን ባዶ መርከቦች ላይ ስትሞክር የማሪኑ ጄኔራል ሮይ ጋይገር በቦታው ተገኝተው አይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደሚደረገው መርከቦችን ዳርቻው አጠገብ አጭቆ ወታደር ማውረድ፣ ከእንግዲህ ሁሉንም በአንድ ቦምብ ማስፈጀት ሊሆን ነው። መርከቦቹ ተራርቀው እንዲቆሙ፣ ወታደሩ ግን በፍጥነት እንዲሰበሰብ የሚያደርግ መላ ተፈለገ። በዲሴምበር 1947 ኤችኤምኤክስ-1 የተባለ የሙከራ ስኳድሮን ቨርጂኒያ ውስጥ ኳንቲኮ ላይ ተቋቋመ። በሜይ 1948 አምስት ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ፓላው ከተባለችው መርከብ እየተነሱ 66 ማሪኖችን ሰሜን ካሮላይና ላይ አወረዱ። አንዱ ሄሊኮፕተር ቢበዛ ሦስት ሰው ስለሚጭን ምልልሱ ብዙ ነበር። ያን ቀን ቆሞ ያየ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

«ዋና ሥራቸው መተኮስ ነው»

ተዋጊ ሄሊኮፕተር አለ፣ ያውም አስፈሪ። የስኳድሮኖቹ የዕለት እንጀራ ግን ጭነት ነው፦ ውኃ፣ ጥይት፣ ቁስለኛ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት በ1951፣ በሴፕቴምበር ወር፣ ኤችኤምአር-161 የተባለው የማሪን ስኳድሮን ኮሪያ ተራሮች ላይ ለሰፈረ የማሪን ሻለቃ 8 ቶን ተኩል ያህል ስንቅና ትጥቅ አድርሶ 74 ቁስለኞችን ይዞ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ 224 ማሪኖችን በአራት ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ ኮረብታ 884 ላይ አወጣ። የጦር ስልት መምህራን እስከ ዛሬ የሚያነሷቸው እነዚህን ምልልሶች ነው።

«አንድ ስኳድሮን ማለት አንድ ዓይነት ሄሊኮፕተር ነው»

የብስ ላይ ሲሆኑ፣ በአብዛኛው አዎ። ለባሕር ግዳጅ ሲዘጋጁ ግን አንዱ ስኳድሮን እናት ይሆንና ከሌሎቹ ተቀንሶ ይጨመርበታል። 2,200 ያህል ሰው ካለው የአሜሪካ ማሪን ግብረ ኃይል ጋር የሚጓዘው ስኳድሮን ኦስፕሬይ (እንደ ሄሊኮፕተር ተነስቶ እንደ አውሮፕላን የሚበረው)፣ ከባዱ ሲኤች-53፣ ተዋጊው ኮብራና ቀላሉ ሁዬ በአንድ አዛዥ ሥር ይሰለፉበታል፤ ጄትም ይታከልበታል። በብሪታንያ ደግሞ ሮያል ማሪኖችን የሚያጓጉዙት ስኳድሮኖች የባሕር ኃይሉ ናቸው።

«መርከቡ ዳርቻው ካልቀረበ ማሪን አይደርስም»

ለዚህ መልሱ ጎረቤታችን ሞቃዲሾ ናት። በጃንዋሪ 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሊወድቅ ሳምንታት ሲቀሩት ከተማዋ በተኩስ ትናወጥ ነበር። የአሜሪካው አምባሳደር ጄምስ ቢሾፕ አውጡን ሲሉ ጓምና ትሬንተን የተባሉት መርከቦች ከኦማን አካባቢ ወደ ደቡብ ገሠገሡ። ኤምባሲው ግን መርከቦቹ እስኪቀርቡ የሚቆይ አልመሰለም። ስለዚህ ጃንዋሪ 5 ከመንጋቱ በፊት፣ ገና 466 የባሕር ማይል (ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ) ሲቀር፣ ሁለት ሲኤች-53ኢ ሄሊኮፕተሮች ወደ 60 ወታደሮች ጭነው ከትሬንተን ተነሱ። ያን ያህል ርቀት በአንድ ታንከር ነዳጅ አይዘለቅም። ባሕሩ ላይ፣ በጨለማ፣ ኬሲ-130 ከሚባሉ አውሮፕላኖች ነዳጅ እየቀዱ በረሩ።

ሲደርሱ ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። ካርታቸው ያረጀ ነበር፤ ኤምባሲው ወደ አዲስ ግቢ ከተዛወረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከተማዋ ላይ ዞረው ፈልገው አገኙት፣ ወታደሮቹን አውርደው 61 ሰዎች ይዘው ተመለሱ። የቀሩትን፣ መርከቦቹ ከቀረቡ በኋላ፣ በዚያው ቀን ሌሊት አነስ ያሉት ሲኤች-46 ሄሊኮፕተሮች አወጧቸው። በድምሩ 281 ሰው ሲሆን የ30 አገር ዜጎች ነበሩበት። የሶቭየት ኅብረት አምባሳደርም አሜሪካ መርከብ ላይ ከወጡት አንዱ ናቸው! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ስለጀመረ ይህ ግዳጅ እምብዛም ሳይወራለት ቀረ።

«ስምንት ከተነሱ ስምንት ይደርሳሉ»

በኤፕሪል 1980 ቴህራን ውስጥ የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስፈታት ኒሚትዝ ከተባለችው መርከብ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ተነሱ፤ ከአብራሪዎቹ አብዛኞቹ ማሪኖች ነበሩ። አንዱ በፕሮፔለሩ ላይ የስንጥቅ ምልክት ስለታየ በረሃ ላይ ተተወ። አንዱን የአቧራ ማዕበል መለሰው። ስድስቱ መሰብሰቢያው ቦታ ደረሱ፤ ከእነዚያም አንዱ የሃይድሮሊክ ብልሽት ነበረበት። ዕቅዱ ቢያንስ ስድስት ይፈልግ ስለነበር ግዳጁ ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከቆመ ሲ-130 አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ።

መርከብ ላይ ደግሞ ጨው አለ። የባሕር አየር ብረቱን ስለሚበላ ሄሊኮፕተሩ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ቦታ ጠባብ ስለሆነም ፕሮፔለሩ ይታጠፋል፣ የሲኤች-53ኢ ጅራት ሳይቀር ይታጠፋል፤ ማጠፊያ ማለት ደግሞ ሊበላሽ የሚችል ተጨማሪ ዕቃ ማለት ነው።

«ሄሊኮፕተር ካለ በእግር መሄድ ቀረ»

ብሪታንያ በ1982 ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ባሉት የፎክላንድ ደሴቶች ከአርጀንቲና ጋር ስትዋጋ ያሰበችውም ይህንኑ ይመስላል። ሜይ 25 ቀን አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው የጭነት መርከብ በአርጀንቲና ሚሳይል ስትመታ ሦስት ቺኑክና ስድስት ዌሴክስ የተባሉ ሄሊኮፕተሮች አብረዋት ጠፉ። ሮያል ማሪኖቹ ከ35 ኪሎ ያላነሰ ጓዝ ተሸክመው፣ በጭቃና በብርድ፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደሴቶቹ ዋና ከተማ ስታንሊ በእግራቸው ተጓዙ።

ከመርከቧ ቺኑኮች የተረፈው በዚያች ሰዓት አየር ላይ የነበረው፣ ብራቮ ኖቬምበር የሚባለው፣ ብቻ ነው። መለዋወጫው፣ መፍቻው፣ የጥገና መጽሐፉ ሁሉ ሰምጧል። ያም ሆኖ ቴክኒሺያኖቹ በእጃቸው ባገኙት ነገር እየጠጋገኑ አስነሱት፤ ጁን 2 ላይ በአንድ በረራ 81 ወታደሮችን ቆመው ተጨናንቀው ስታንሊ አቅራቢያ ወዳለችው ፊትዝሮይ አደረሰ።